የጣና ሙቀትና የዳሳሾች ቅዝቃዜ

ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,786 ሜትር ገደማ ላይ የተኛ ሐይቅ ነው፤ ስፋቱ እንደ ወቅቱ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ወይም ከዚያ ጥቂት ከፍ የሚል ሲሆን፣ ጥልቀቱ ግን በአማካይ 9 ሜትር ያህል ብቻ ነው። እንዲህ ሰፍቶ ጥልቀት ያጣ ውኃ ዳርቻው በአንድ ቦታ አይረጋም፤ ክረምት ሲገባ ወደ ፎገራና ወደ ደንቢያ ሜዳ ይገፋል፣ በጋው ሲጠና ደግሞ እርጥቡን መሬት ለአራሹና ለከብቱ ትቶ ይሸሻል። እ.ኤ.አ. በ1920 እና በ1921 የሐይቁን መውጫ ለግድብ ያጠኑት ግራብሃምና ብላክ፣ ከእነርሱም በኋላ ዙሪያውንና ደሴቶቹን በእግር፣ በበቅሎና በታንኳ እየዞረ ካርታ ያነሣው የእንግሊዝ ቆንስል ቺስማን፣ የሚለኩት ነገር ከአንድ ወቅት ወደ ሌላው የሚሸሽ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1959 ጀምሮ ባሕር ዳር ላይ የሐይቁን ከፍታ በየዕለቱ የሚመዘግብ መለኪያ መቆሙ ትልቅ እርምጃ ሆነ፤ ይሁንና መለኪያው የሚናገረው ውኃው ምን ያህል እንደወጣና እንደወረደ ብቻ ነው። ዳርቻው በሰሜን ምሥራቅ የት እንደደረሰ፣ ውኃው ምን ያህል እንደሞቀ፣ በላዩም ምን እንደበቀለ ከዚያ ሰሌዳ ማንበብ አይቻልም ነበር።

እነዚህን ሦስት ነገሮች በአንድነት ማየት የተቻለው ከሰማይ ነው፤ ያም ቢሆን የሰው ዓይን በሚያየው ብርሃን ሳይሆን፣ ከቀይ ቀለም ባሻገር ባለውና ታህተ ቀይ ወይም ኢንፍራሬድ በሚባለው ጨረር ነው። ሦስቱ ግን በአንድ ጊዜ አልታዩም። መጀመሪያ ዳርቻው፣ ከዚያ የቅጠሉና የአፈሩ እርጥበት፣ በመጨረሻም የውኃው ሙቀት በየተራ ተገለጡ፤ የዚህም ተራ ምክንያት በሐይቁ ዘንድ አይገኝም። ተራውን የወሰነው በሳተላይቶቹ ውስጥ ያሉት ሴሚኮንዳክተር ዳሳሾች የራሳቸውን ሙቀት ዝም ለማሰኘት የወሰደባቸው ጊዜ ነው። የጣና የቅርብ ዘመን ታሪክ ከዚህ የላቦራቶሪ ታሪክ ጋር ምን ያህል እንደተሳሰረ በአማርኛ የተጻፈው ጥቂት በመሆኑ፣ ነገሩ ከሥሩ ቢታይ የሚገባ ነው።

ሴሚኮንዳክተር ማለት ኤሌክትሪክን እንደ መዳብ እንዲያው የማያሳልፍ፣ እንደ ብርጭቆም ፈጽሞ የማይከለክል ቁስ ነው። በውስጡ ያሉት ኤሌክትሮኖች በየአተማቸው ታስረው ይኖራሉ፤ ለመንቀሳቀስ ነጻ እንዲሆኑ የኃይል ክፍተት የሚባለውን እርከን መዝለል አለባቸው። ብርሃን ሲያርፍባቸው፣ የብርሃኑ ቅንጣት የያዘው ኃይል ከዚያ ክፍተት የሚበልጥ ከሆነ፣ ኤሌክትሮኑ ይዘላል፣ በኋላውም ሆል የሚባል ባዶ ቦታ ይተዋል፤ የሁለቱ እንቅስቃሴ ጅረት ይሆናል፣ ጅረቱም ይለካል። የዳሳሽ ሥራ በአጭሩ ይኸው ነው። ችግሩ ኤሌክትሮንን የሚያዘልለው ብርሃን ብቻ አለመሆኑ ነው። የቁሱ የራሱ ሙቀት አተሞቹን ሲያንቀጠቅጥ ጥቂት ኤሌክትሮኖች ብርሃን ሳይነካቸው ክፍተቱን ያልፋሉ፣ ዳሳሹም በድፍን ጨለማ ተዘግቶ ሳለ ጅረት ያወጣል። ይህ የጨለማ ጅረት ይባላል።

የጨለማ ጅረት በየትኛው ዳሳሽ እንደሚበረታ የሚወስነው የክፍተቱ ስፋት ከሙቀቱ ጋር ሲመዘን ነው። በክፍል ሙቀት የአተሞቹ የመንቀጥቀጥ ኃይል 0.026 ኤሌክትሮን ቮልት ያህል ነው። የሲሊከን ክፍተት 1.12 ኤሌክትሮን ቮልት በመሆኑ ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ሰፊ ነው፣ ሳይቀዘቅዝም ይሠራል፤ ነገር ግን የሞገድ ርዝመቱ ከ1.1 ማይክሮሜትር ያለፈ ጨረር ክፍተቱን ለማሻገር ኃይል ስለሚያጥረው ሲሊከን እርሱን አያይም። ረጅም ሞገድ ለማየት ክፍተቱ መጥበብ አለበት፤ ክፍተቱ በጠበበ ቁጥር ደግሞ ሙቀት ብቻውን የሚያሻግራቸው ኤሌክትሮኖች ይበዛሉ። የጣና ውኃ ከ20 ዲግሪ ሴልሺየስ ከፍ ባለ ሙቀት ሆኖ ከራሱ የሚያወጣው ጨረር የሚበረታው 10 ማይክሮሜትር አካባቢ ነው፤ 12 ማይክሮሜትር ድረስ ያለውን ለማየት የሚያስፈልገው ክፍተት 0.1 ኤሌክትሮን ቮልት ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ዳሳሽ እንደ ሐይቁ ሞቆ ሳለ ሐይቁን ሊለካ ቢሞክር፣ በክረምት በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ሹክሹክታ ለመስማት እንደሚታገል ሰው ይሆናል።

ለዚህ ቀላል የሚመስል መልስ ነበር፤ ዳሳሹ በጨለማ የሚያወጣውን ጅረት ለክቶ፣ በብርሃን ካወጣው ላይ መቀነስ። ሳተላይቶች እስከ ዛሬ ይህንኑ ያደርጋሉ፤ በየጊዜው ዳሳሹን በመከለያ ጋርደው የጨለማውን መጠን ይመዘግባሉ። ነገር ግን ሊቀነስ የሚችለው አማካዩ ብቻ ነው። ኤሌክትሮኖች ክፍተቱን የሚዘሉት በዘፈቀደ በመሆኑ ቁጥራቸው ከአንዱ ቅጽበት ወደ ሌላው ይዋዥቃል፣ የመዋዠቁም መጠን የቁጥሩ ካሬ ሥር ያህል ነው፤ በጨለማ አንድ ሚሊዮን ኤሌክትሮን የሚያፈስ ዳሳሽ አንድ ሺህ ያህል የማይቀነስ ነውጥ ይዞ ይቀራል። ከዚህ ነውጥ በታች ያለ የሙቀት ልዩነት በስሌት አይመለስም። ስለዚህም ጅረቱ ከምንጩ መድረቅ ነበረበት፤ የዳሳሽ ሠሪዎች የረጅም ዓመታት ጥረት ያተኮረውም በዚህ ላይ ነው።

ዊልያም ኸርሽል እ.ኤ.አ. በ1800 የብርሃንን ቀለማት በፕሪዝም ዘርግቶ ከቀዩ ባሻገር ባስቀመጠው ቴርሞሜትር የማይታየውን ጨረር ካገኘ በኋላ፣ ለአንድ ክፍለ ዘመን የጨረሩ መለኪያዎች ሁሉ በመሞቅ የሚሠሩ ነበሩ። በሴሚኮንዳክተር የመለካቱ ሥራ የተፋፋመው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዋዜማ ጀርመን ውስጥ በሊድ ሰልፋይድ ነው፣ ዓላማውም ጦርነት ነበር። ትልቁ ለውጥ እ.ኤ.አ. በ1959 መጣ፤ በእንግሊዝ ሀገር ማልቨርን በሚገኘው የራዳር ተቋም ሎውሰንና ባልደረቦቹ ሜርኩሪ ካድሚየም ቴሉራይድ የተባለውን ውሑድ አስተዋወቁ። የሜርኩሪውና የካድሚየሙ ድርሻ ሲለዋወጥ የኃይል ክፍተቱ እንደተፈለገው ይጠባል ወይም ይሰፋል፤ ይህም ንድፍ አውጪው ለሚያየው ሞገድ የሚበቃውን ክፍተት ብቻ እንዲመርጥና ከሚያስፈልገው በላይ አጥብቦ የጨለማ ጅረትን በከንቱ እንዳይጋብዝ አስቻለው። ቁሱ ለመሥራት አስቸጋሪ ነው፤ ሜርኩሪው በቀላሉ ይለቃል፣ በክሪስታሉ ውስጥ የሚቀሩ እንከኖችም ለኤሌክትሮኖች እንደ መወጣጫ እርከን ሆነው በሁለት አጭር ዝላይ ክፍተቱን እንዲያልፉ ያግዟቸዋል። ሾክሌይና ሪድ፣ ለብቻውም ሆል የተባለው ተመራማሪ፣ ይህንን የእንከን መንገድ እ.ኤ.አ. በ1952 አስረድተውት ነበር።

ላንድሳት የተባለው የአሜሪካ የምድር ምልከታ ሳተላይት የመጀመሪያው ሐምሌ 16 ቀን 1964 ዓ.ም. ወደ ምሕዋር ሲወጣ፣ ከያዛቸው አራት የብርሃን መስመሮች የመጨረሻው፣ ከ0.8 እስከ 1.1 ማይክሮሜትር ያለው፣ በሲሊከን ዳዮድ የሚሠራ ነበር። በዚህ መስመር ንጹሕ ውኃ ጨረሩን ውጦ ጥቁር ሲሆን ለምለም ቅጠል ደምቆ ይወጣል። የጣና ዳርቻ በ80 ሜትር ያህል ዝርዝር በአንድ እይታ የሚሰመርበት ዘዴ የተገኘው በዚህ መንገድ ነው። ዳርቻው ከሌላው ሁሉ ቀድሞ መታየቱ ድንገተኛ አልነበረም፤ ምክንያቱ ውኃን ከየብስ የሚለየው ጨረር የጨለማ ጅረቱ ሳይቀዘቅዝ በሚታገሠው በሲሊከን ክልል ውስጥ መውደቁ ነው።

ሙቀትን ለማየት የተደረገው የመጀመሪያ ሙከራ አልሰመረም። እ.ኤ.አ. በ1978 የተተኮሰው ሦስተኛው ላንድሳት የሙቀት መስመር ቢጨመርለትም መስመሩ ብዙም ሳይቆይ ተበላሸ። እ.ኤ.አ. በ1982 እና በ1984 የተተኮሱት አራተኛውና አምስተኛው ላንድሳት ግን ሁለት የተለያዩ የዳሳሽ መደቦች ይዘው ወጡ፤ ሲሊከኑ ሳይቀዘቅዝ ሲቀር፣ ለ1.6 እና ለ2.2 ማይክሮሜትር የተመደቡት የኢንዲየም አንቲሞናይድ ዳሳሾችና ለሙቀት የተመደቡት አራት የሜርኩሪ ካድሚየም ቴሉራይድ ዳሳሾች ከ90 እስከ 105 ኬልቪን፣ ማለትም ከዜሮ በታች ከ168 እስከ 183 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ በሚደርስ ብርድ ውስጥ ተቀመጡ። ብርዱ የመጣው በሞተር አይደለም፤ ፀሐይንና ምድርን ጀርባው አድርጎ ወደ ጥልቁ ጠፈር ብቻ የሚያይ ሰሌዳ ሙቀቱን ወደ ጨለማው እየተፋ ዳሳሾቹን ያቀዘቅዝ ነበር። የሙቀቱ ሥዕል ዝርዝር 120 ሜትር ሲሆን፣ አምስተኛው ላንድሳትም ከታሰበለት ሦስት ዓመት አልፎ ወደ ሃያ ዘጠኝ ዓመት ገደማ ሠራ።

ጣናን የመሰለ ሰፊና ጠቆር ያለ ውኃ የዳሳሾችን ጉድለት አብዝቶ ያጋልጣል። የዚያ ዘመን መሣሪያ ምድርን በአሥራ ስድስት መስመር እየጠረገ ያነብ ስለነበር፣ የአንዱ ዳሳሽ የጨለማ መጠን ከጎረቤቱ ጥቂት ቢለይ ልዩነቱ በሥዕሉ ላይ እንደ ጥለት ተደርድሮ ይወጣል። በወጣ ገባ መሬት ላይ ይህ አይታወቅም፤ በሐይቅ ላይ ግን የመሣሪያው ጥለት ከውኃው ቀለም ይልቅ ጎልቶ ይታያል፣ ያልለመደው ተመልካችም የወንዝ ደለል ነው ብሎ ሊሳሳት ይችላል። ከጉማራ፣ ከርብ፣ ከመገጭና ከግልገል ዓባይ አፍ የሚዘረጋውን ደለል ለሚያጠና ሰው የጨለማ ጅረት እኩልነት የሥራው መሠረት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2003 የሆነው ደግሞ መጥፎ መገጣጠም ነበር። የጨረጨራ ማገጃ ከ1988 ዓ.ም. ጀምሮ የሐይቁን መውጫ መቆጣጠር ጀምሮ ነበር፤ የዝናብ እጥረትና ለጢስ ዓባይ የኃይል ማመንጫ የተለቀቀው ውኃ ተደርበው በዚያ ዓመት ሰኔ የጣና ከፍታ እስከዚያ ከተመዘገበው ሁሉ አነሰ፣ የመርከብ ጉዞ ለወራት ተቋረጠ፣ የዳርቻው መሬት ተገልጦ ታረሰ። ሰባተኛው ላንድሳት ከጥቂት ሳምንታት በፊት፣ ግንቦት 31 ቀን 2003 እ.ኤ.አ.፣ መስመሮቹን የሚያስተካክልለት መሣሪያ ተበላሽቶበት ከየሥዕሉ 22 በመቶ ያህል በባዶ ስንጥቅ መተው ጀምሮ ነበር። ይህ የዳሳሹ ጥፋት አልነበረም፤ ዳሳሾቹ ደህና ነበሩ። ይሁንና የሐይቁ ሽሽት የከፋበት ዓመት ምስክር እንዲህ ተሸንቁሮ ቀረ።

እምቦጭ የተባለው መጤ አረም በሐይቁ ላይ በይፋ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ከደቡብ አሜሪካ የመጣው ይህ ተንሳፋፊ ተክል በሰሜን ምሥራቁ ዳርቻ፣ በደንቢያ፣ በጎንደር ዙሪያ፣ በሊቦ ከምከምና በፎገራ በኩል ተስፋፍቶ ዓሣ አጥማጁን መረቡን ከመጣል፣ ከብቱን ውኃ ከመጠጣት ሲከለክል፣ ገበሬው በእጁ፣ መንግሥትም በማሽን ሲታገሉት ቆይተዋል። የአረሙን ስፋት በተመለከተ ከየአቅጣጫው የወጡት አሃዞች እጅግ የተራራቁ ነበሩ፤ አንዱ ምክንያትም በቅርብ ኢንፍራሬድ ሲታይ እምቦጭ እንደ ማንኛውም ለምለም ቅጠል ደምቆ ስለሚወጣ ከዳርቻው ደንገልና ከፎገራ የውኃ ሩዝ ጋር መምታታቱ ነው። እምቦጭን ከእነዚህ ለመለየት በቅጠሉ ውስጥና ከሥሩ ያለውን ውኃ የሚያሳየው የ1.6 እና የ2.2 ማይክሮሜትር ጨረር ይረዳል። እ.ኤ.አ. በ2015 እና በ2017 የተተኮሱት የአውሮፓ ሴንቲነል-2 ሳተላይቶች ለእነዚህ መስመሮች የተጠቀሙት ክፍተቱ ለዚሁ ሞገድ ብቻ እንዲበቃ የሰፋ ሜርኩሪ ካድሚየም ቴሉራይድ ነው። የክፍተቱ መስፋት ያስገኘው ጥቅም በቅዝቃዜው ይታያል፤ የቀድሞው ኢንዲየም አንቲሞናይድ ወደ 90 ኬልቪን ብርድ ሲፈልግ፣ ይህኛው ከ195 ኬልቪን በታች መሆኑ ይበቃዋል። በሁለቱ ሳተላይቶች ጥምረት በየአምስት ቀኑ የሚገኘው ሥዕል፣ ደመናው ሲገፈፍ በመስከረምና በጥቅምት፣ አረሙ በሚበረታበት ወቅት፣ ዋና መሣሪያ ሆኗል። ክረምቱን ሙሉ ግን ደመናው ሁሉንም ይጋርዳል፤ ያን ጊዜ ራዳር ካልሆነ ሌላ መላ የለም።

የሐይቁ ሙቀት ከሁሉ በኋላ የጠራ ነው፣ ከሁሉም የሚያሳስበው እርሱ ነው። ከጣና ገጽ በዓመት ወደ 1,600 ሚሊሜትር ገደማ ውኃ ወደ አየር ይተናል፤ ይህ በሐይቁ ስፋት ሲባዛ በዓባይ መውጫ በአማካይ ከሚፈሰው ይበልጣል። ስለ ጣና በለስ የኃይል ማመንጫ፣ ስለ መስኖ፣ ስለ ደንገሉ የሚነገረው ሁሉ ከዚህ ትልቅ ወጪ ጋር ይገናኛል፣ ትነትን ለማስላትም የውኃው ገጽ ሙቀት ያስፈልጋል። ይሁንና ስምንተኛው ላንድሳት ሲታቀድ የሙቀት መስመሩ ቀርቶ ነበር። እንዲመለስ አጥብቀው የጠየቁት ደረቅ በሆኑት የአሜሪካ ምዕራባዊ ግዛቶች የመስኖ ውኃ የሚያስተዳድሩ ባለሙያዎች ነበሩ። የጣና ሙቀት ከዚያ በኋላ መለካቱ የእነዚያ የውኃ ሰዎች ክርክር ውጤት መሆኑ በባሕር ዳር ሊታወቅ ይገባል።

ውሳኔው ዘግይቶ ስለመጣ መሣሪያው በጥድፊያ መሠራት ነበረበት፤ የናሳ ጎዳርድ ማእከልም ሜርኩሪ ካድሚየም ቴሉራይድን ትቶ ኳንተም ጉድጓድ የሚባለውን ዳሳሽ መረጠ። በዚህ ዳሳሽ ጋሊየም አርሰናይድና አሉሚኒየም የተቀላቀለበት ወገኑ በጥቂት ናኖሜትር ውፍረት እየተፈራረቁ ይነባበራሉ፤ ኤሌክትሮኑ በቀጭኑ ንብርብር ውስጥ እንደ ጉድጓድ ተይዞ ይቆያል፣ የሚዘለውም ከጉድጓዱ አፍ ነው፤ ለመዝለል የሚያስፈልገውን ኃይል የሚወስኑት የአሉሚኒየሙ ድርሻና የንብርብሩ ውፍረት ናቸው። ቤል ላቦራቶሪ ውስጥ ሌቪንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1987 ያሳዩት ይህ ዘዴ በሰፊው በሚታወቅ ቁስ ላይ ስለሚሠራ፣ አንዱ ዳሳሽ ከሌላው እጅግ ይመሳሰላል፣ ለሐይቅ ሥዕል አስቸጋሪ የነበረው ጥለትም ይቀንሳል። ዋጋው ግን ከባድ ነው፤ ሙቀት ኤሌክትሮኖቹን ከጉድጓዱ በቀላሉ ስለሚያወጣቸው ለተመሳሳይ ሞገድ ከሜርኩሪ ካድሚየም ቴሉራይድ የበለጠ መቀዝቀዝ አለበት። ጠፈርን የሚያይ ሰሌዳ አልበቃም፤ ባለ ሁለት እርከን ማቀዝቀዣ ሞተር ዳሳሹን ወደ 43 ኬልቪን፣ ከዜሮ በታች 230 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ አወረደው። የ0.1 ኤሌክትሮን ቮልት እርከንን ሙቀት ብቻውን የማሻገር ዕድሉ ከክፍል ሙቀት ወደ 77 ኬልቪን ሲወረድ ወደ መቶ ሺህ እጥፍ ያህል፣ ወደ 43 ሲወረድ ደግሞ ከአሥር ቢሊዮን እጥፍ በላይ እንደሚያንስ ቀላል ስሌት ያሳያል። ሳተላይቱ የካቲት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. ተተኮሰ፤ እያንዳንዳቸው 640 በ512 የሆኑ ሦስት የዳሳሽ ሰሌዳዎቹም ጣናን በ100 ሜትር ዝርዝር፣ በሁለት የሙቀት መስመር መለካት ጀመሩ። የመሣሪያው ሌላ ጉድለት፣ ከእይታው ክልል ውጭ የሚገባ ባዕድ ጨረር፣ ከጊዜ በኋላ በስሌት ታርሟል፤ እ.ኤ.አ. በ2021 በወጣው ዘጠነኛው ላንድሳትም ከምንጩ ተስተካክሏል።

ከሩቅ ምሕዋር አንድ ቦታ ላይ ቆመው አፍሪካን በየ15 ደቂቃው የሚያነሡት የሁለተኛው ትውልድ ሜቴዎሳት የአየር ጠባይ ሳተላይቶችም ከ85 እስከ 95 ኬልቪን በቀዘቀዙ ዳሳሾች የደመና ጫፍን ሙቀት ሌሊትም ቀንም ያነባሉ። በተራራው ዝናቡ ከሰዓት በኋላ ሲበረታ በሐይቁና በደቡብ ዳርቻው ሌሊት የሚያይል መሆኑን፣ የባሕር ዳር ሰው ከጥንት የሚያውቀውን የክረምት ሌሊት ነጎድጓድ፣ ከመነሻው እስከ መጨረሻው መከታተል የተቻለው ጨለማ በማይከለክለው በዚህ ጨረር ነው።

የዳሳሽ ሠሪዎች ትግል በቅርብ ዓመታት ወደ ሌላ አቅጣጫ ዞሯል፤ ጥያቄው እንዴት ይበልጥ ይቀዝቅዝ መሆኑ ቀርቶ እንዴት ሳይቀዘቅዝ ዝም ይበል ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ2006 የሮቸስተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ማይሞንና ዊክስ በዳሳሹ መካከል ኤሌክትሮኖችን የሚያግድ፣ ሆሎችን ግን የሚያሳልፍ ቀጭን ግድግዳ ቢተከል፣ በእንከን መንገድ የሚመጣው ጅረትና በቁሱ ገጽ ላይ የሚንሸራተተው ሁለቱም እንደሚታገዱ አሳዩ። እ.ኤ.አ. በ1987 ስሚዝና ማይልዮ በሐሳብ ያቀረቡት የኢንዲየም አርሰናይድና የጋሊየም ኢንዲየም አንቲሞናይድ ንብርብር ከዚህ ግድግዳ ጋር ሲጣመር ረጅሙን ሞገድ ከ43 ኬልቪን ሞቅ ባለ ሁኔታ ማየት ያስችላል፤ በዚህ ዘዴ የተሠራ ትንሽ የሙቀት ካሜራም እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ ወደ ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ወጥቶ ተፈትኗል። ቅዝቃዜው ሲቀንስ ሞተሩ ያንሳል፣ ኤሌክትሪኩም ይቀንሳል፣ የሙቀት ካሜራም በትልቅ ሳተላይት ላይ ብቻ የሚጫን መሆኑ ይቀራል።

ይህ ለኢትዮጵያ የሩቅ ወሬ አይደለም። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይናው የታይዩአን ማእከል የተተኮሰችው የኢትዮጵያ የመጀመሪያ ሳተላይት ክብደቷ 70 ኪሎ ግራም ገደማ ነበር፤ መረጃዋንም የእንጦጦ ጣቢያ ይቀበል ነበር። ካሜራዋ የሚታየውን ብርሃንና ቅርቡን ኢንፍራሬድ የሚያይ ነበር፤ ይኸውም ከእርሷ መተኮስ አርባ ሰባት ዓመት በፊት የጣናን ዳርቻ ከውኃው የለየው የሲሊከን ክልል ነው። በዚያ ክብደት ላይ ዳሳሽን ወደ 43 ኬልቪን የሚያወርድ ሞተር መጫን አይታሰብም ነበር፤ በግድግዳ የታገደ የጨለማ ጅረት ያለው ዳሳሽ ግን የሚፈልገው ማቀዝቀዣ በእንዲህ ያለ አካል ላይ ሊጫን ወደሚችል መጠን እየወረደ ነው።